የሚስተር ኦስዋልድን መሬት ያረስኩ ዕለት

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ማን ምን እንዳደረገ ኋላ እንዳይምታታ ስማችንን አስቀድሜ ልናገር።

የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ምትኩ እባላለሁ። በዲቪ አትላንታ ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስድስት ዓመት ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሣር አጫጅ ነኝ። ማጨጃውንም ማረሻ ማሽኑንም የሞተር ጥገናውንም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከየማሽኑ ጋር የሚመጣውን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየሁ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የጥፋቴ ሥር እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛዋ ልጄ ቃልኪዳን ናት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ነርሲንግ ትማራለች። እናቷ ካረፈች አምስት ዓመት አልፏል፤ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሦስተኛው ደምሴ ነው፤ አብሮኝ የሚሠራ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው። አራተኛው ሱሬሽ የሚባል ሕንዳዊ ነው። በሥራ ቀን ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ የክሪኬት ቡድን አለቃ ነው። አምስተኛው ሚስተር ኦስዋልድ ናቸው፤ ከጉያና የመጡ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆስፒታል ወለል ሲወለውሉ የኖሩ። ስድስተኛው የእሳቸው ታላቅ ወንድም ሚስተር ሴሲል ናቸው። እሳቸውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ድምፃቸውን ግን አንድ ጊዜ በስልክ ሰምቻለሁ።

ከኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ብዙ ሳይርቅ የካውንቲው፣ እንደኛ የወረዳው አስተዳደር፣ የሆነ ሰፊ ክብ ሜዳ አለ፤ ዙሪያውን ጥድና ትልልቅ ዛፎች ይከቡታል። ባለፈው ዓመት በግንቦት፣ ከካውንቲው ሥራ የያዘ አንድ ድርጅት የዚያን ሜዳ ሣር እንድናጭድ ለእኔና ለደምሴ ሰጠን። የምንሠራው በሥራ ቀን ብቻ ስለነበር ቅዳሜና እሁድ እዚያ ምን እንደሚደረግ አላየንም። በሁለተኛው ሳምንት የመጣልን ትእዛዝ አጭር ነበር፦ በአጥሩ ጥግ ሣር የሸሸባቸውን ቦታዎች ቆፍራችሁ ዘር ዝሩ። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጨረስነው።

ሜዳው መሀል ላይ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። ሃያ እርምጃ የሚረዝም፣ ሦስት እርምጃ የሚሰፋ፣ አንድ ሣር የሌለበት ቀይ መሬት። እኔ ያደግኩት አድአ፣ የጤፍ አገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ማሳ አቋርጦ ሲመላለስ መንገድ ያወጣል፤ ጎበዝ ገበሬ በየዓመቱ ያንን መንገድ ገልብጦ ያርሰዋል። መንገድ ወጥቶበት የተተወ ማሳ የሰነፍ ማሳ ነው። ያንን ራቁት መሬት ሳይ የታየኝ ይኸው ነበር።

«ማሽኑን ወደ መሀል እንውሰደው» አልኩት ደምሴን።

«መሀሉን ማን አዘዘን?»

«የታዘዘውን ብቻ የሚሠራ ሰው ባሪያ ነው። በነፃ እንሠራላቸዋለን።»

ደምሴ ቀዩ መሬት ጫፍ ላይ ቆሞ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አየ። «ጋሼ፣ ይቺ መንገድ ግን ከየት ወደ የት ነው የምትሄደው?»

«ሰው እያቋረጠ ያወጣት ናት።»

«ከሜዳ መሀል ተነስቶ ሜዳ መሀል የሚደርስ ሰው? ከሰማይ ወርዶ ነው የሚያቋርጠው?»

«ደምሴ፣ ወሬህን ተውና የውሃውን ቱቦ አምጣ።»

ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀኝ። እኔ ግን ወሬ አልኩት።

መሬቱ እንደ ድንጋይ ነበር። ማሽኑ እንዳልተገራ በቅሎ ከእጄ እየዘለለ አስቸገረኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት፤ አፈሩ እንደ ገል እየተሰባበረ ተነሳ፣ ከዚያ ላመ። አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በዚያ ሁሉ አፈር ውስጥ አንዲት ጠጠር አልነበረችም። የጆርጂያን አፈር ለሚያውቅ ይህ ተአምር ነው። ደስ አለኝ እንጂ ጠጠሩን ማን ለቀመው ብዬ አልጠየቅኩም። ዘሩን ዘራሁ፣ በሬክ፣ በጥርሳሙ መጎተቻ፣ አፈር አለበስኩት፣ ውሃ አጠጣሁት። ረክቼ ዛፍ ጥላ ሥር ምሳዬን ከፈትኩ።

እኩለ ቀን ላይ አንድ አሮጌ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ረጅም መጥረጊያ ይዘው ወረዱ፤ መሬት መሬት እያዩ ወደ ሜዳው መሀል አቀኑ። ቀዩ መሬት ሊደርሱ አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩና አፈሩን በመዳፋቸው ነካ ነካ አደረጉት።

እኔ እኮ ሊያመሰግኑ ነው ብዬ አፌን አብሼ፣ ፈገግ ብዬ ሄድኩ።

«ይህን ያደረገው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። በሦስት ሳምንት ሣር ይሆናል። ለዚህ አላስከፈልንም፤ በነፃ ነው።»

ሽማግሌው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ አሉና ስልካቸውን አውጥተው፣ «ሱሬሽ፣ እባክህ ና» ብቻ አሉ። ሱሬሽ የቢሮ መታወቂያው አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ጩኸቱን ያመጣው እሱ ነው።

«ምን እንዳደረግክ ታውቃለህ? ይህ ፒች ነው! ክሪኬት የምንጫወትበት! ሃያ አራት ዓመት የተሠራ መሬት ነው!»

እኔም ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን ማስታወቂያ አልለጠፋችሁበትም?»

«አንተ የምትጸልይበት ቤት ወለል ላይ ‹ማረስ ክልክል ነው› የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል?»

ሚስተር ኦስዋልድ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ከዚያ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ መምህር ረጋ ብለው አስረዱኝ። በክሪኬት ኳስ ወርዋሪው በአንዱ ጫፍ፣ ዱላ የያዘው በሌላው ጫፍ፣ ከሦስት ችካሎች ፊት ይቆማል። ኳሷ መሬት ነጥራ ነው ወደ ዱላው የምትሄደው። ስለዚህ መሬቱ ራሱ ተጫዋች ነው፤ ጠንካራ ካልሆነ ኳሷ አትነሳም። ይህንን መሬት በወንፊት ነፍተው፣ ጠጠሩን ለቅመው፣ እያጠጡና እየዳመጡ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሰኞ ወደ አገራቸው ጠቅልለው ይሄዳሉ። ቅዳሜ የስንብት ጨዋታ ነው፤ በዚህ ሜዳ የተጫወቱ ሰዎች ከየስቴቱ እየመጡ ነው። የመጨረሻዎቹን ስድስት ኳሶች የሚወረውሩት ሚስተር ኦስዋልድ ነበሩ።

ይህን ሲናገሩ ደምሴ ከኋላዬ በአማርኛ፣ ያለ ቀልድ፣ «ጋሼ» አለኝ፣ «አውድማ ነው ያረስነው።»

ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ ከአጨዳ በፊት አውድማውን ሳምንት ሙሉ ያዘጋጅ ነበር። ይጠርጋል፣ ውሃ ያርከፈክፋል፣ በእበት ይለቀልቃል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ጫማውን ሳያወልቅ የገባበትን እንግዳ ያባርራል። ማሳ መሀል ያለ ራቁት መሬት ሁሉ የሰው እግር ያበላሸው መንገድ እንዳልሆነ ከእኔ የበለጠ ማን ሊያውቅ ይገባው ነበር?

«አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። «ለቅዳሜ ይደርሳል።»

ሚስተር ኦስዋልድ አላመኑኝም፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ና» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ቃልኪዳን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መጻሕፍቷን ዘርግታ ታጠናለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ከኋላዬ ያለውን ነጭ ግድግዳ ታያለች።

«አባዬ፣ ይሄንንም እኮ እንደዚሁ ነው ያደረግከው።»

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። እማዬ በእርሳስ የጻፈችበትን። የኔ ቁመት በየዓመቱ የተለካበት፣ የአክስቶቼ ስልክ፣ ደሞ ያ የድፎ ዳቦው ልኬት። ከስኩል ስመጣ ነጭ ቀለም ቀብተኸዋል።»

አስታወስኩ። ባለቤቴ ባረፈች በአርባ ቀኗ ነበር፤ እንግዳ ይመጣል ብዬ የቆሸሸ ግድግዳ ያጸዳሁ መስሎኝ።

«ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«ብሩሹን ይዘህ ፈገግ ብለህ ቆመሃል። ሰርፕራይዝ ነበር። ምን ልልህ እችላለሁ? ደሞም አልጠየቅከኝም፣ አባዬ። አንተ እኮ አትጠይቅም።»

እሷ መጽሐፏን አጠፈች፤ «ነገ ክላስ የለኝም፤ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት አምስታችንም ሜዳው ላይ ነበርን፤ ሱሬሽ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ቀርቷል። ሚስተር ኦስዋልድ እንደ አለቃ ወንበር ላይ ሆነው ያዙናል። መጀመሪያ የዘራሁትን ዘር ከአፈሩ ለይተን አወጣን። በጉልበታችን ተንበርክከን አፈሩን በወንፊት ነፋነው።

«ጋሼ» አለ ደምሴ፣ «ዘር ዘርቶ በማግሥቱ መልሶ የሚለቅም ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዝም ብለህ ንፋ።»

«እየነፋሁ ነው። የልጅ ልጆቼ ሲጠይቁኝ አሜሪካ ምን ሠራህ ብለው፣ ዘር ለቀምኩ እላቸዋለሁ።»

ሚስተር ኦስዋልድ ምን እንዳለ ጠየቁ፤ ቃልኪዳን ተረጎመችላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ አፈሩን በጣውላ አስተካክለን፣ በእፍኝ እየረጨን አጠጥተን፣ ዳምጠውን አመጣን። ዳምጠው ያልኩት በእጅ የሚጎተት ነው፤ ሚስተር ኦስዋልድ ራሳቸው ትልቅ የብረት ቧንቧ ውስጥ ኮንክሪት ሞልተው የሠሩት። ሁለት ሁለት ሆነን ስንጎትት እሳቸው ከጎናችን እየተራመዱ የሜዳውን ታሪክ አወሩን።

መጀመሪያ የወተት ላሞች ግጦሽ ነበር። ካውንቲው ገዝቶ የቤዝቦል ሜዳ አደረገው፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃ እየቆመበት ተተወ። ያኔ እሳቸውና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ የታክሲ ነጂዎች፣ ነርሶች፣ ጽዳት ሠራተኞች ሣሩን በየራሳቸው መቁረጫ እየቆረጡ፣ ምንጣፍ አንጥፈው መጫወት ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ተባረሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሊያባርራቸው የመጣው የፓርክ ሠራተኛ ምንድነው የምትጫወቱት ብሎ ጠየቀ፤ እስኪመሽ ተቀምጦ አየ፤ በሳምንቱ የፈቃድ ወረቀት ይዞላቸው መጣ። ኋላ ኦሎምፒክ አትላንታ ገባ፣ ከተማው ሰፋ፣ የኮምፒውተር ሥራ ሕንዶችንና ፓኪስታኖችን አመጣ። «እኛ በካልሲ ስንጫወት እነሱ ጥሩ ጫማ ይዘው መጡ» አሉ ሚስተር ኦስዋልድ። ወጣቶቹ ኮንክሪት ይፈስ አሉ። እሳቸው እንቢ አሉ፤ ከሆስፒታል ሥራ ሲወጡ በየቀኑ እየመጡ ቀዩን አፈር መሥራት ጀመሩ። ባለቤታቸው መኪና ውስጥ ሹራብ እየሠሩ ይጠብቋቸው ነበር። «አሥር ሹራብ ያህል ጠብቃኛለች» አሉ።

«ለምንድነው ይህን ያህል የለፉበት?» ብላ ጠየቀቻቸው ልጄ። እኔ መጠየቅ የነበረብኝን እሷ ጠየቀች።

«ሴሲል ያስተማረኝ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው» አሉ። «በአገራችን፣ በርቢስ በሚባል ወንዝ ዳር፣ በደረቀ ጭቃ ላይ። ዱላችን የኮኮናት ቅርንጫፍ፣ ኳሳችን ያልበሰለ ሎሚ። ኳስ ስትነጥር የምታሰማውን ድምፅ ያወቅኩት እሱ ዘንድ ነው። ከተያየን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነን። መጀመሪያ ወረቀት አልነበረኝም፣ ኋላ ሚስቴ ታመመች፣ ኋላ ደግሞ መሬቱን ለማን ልተወው? አሁን ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ጠፍቷል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰኞን ይጠብቃል።»

አሥር ሰዓት ላይ ከምዕራብ ጥቁር ደመና ተነሳ። ያንን ገና ያልረጋ አፈር ዝናብ ቢያገኘው ጭቃ ይሆናል። ሱሬሽ ሰማያዊውን ሸራ ከመኪናው አወጣ፤ ነፋሱ ከእጃችን ሊቀማን ታገለ። «ተቀመጡበት! ተኙበት!» አሉ ሚስተር ኦስዋልድ። ልጄ በአንዱ ጥግ በደረቷ ተኛች፣ ደምሴ በሌላው፣ እኔና ሱሬሽ በቀሩት። ሽማግሌው ራሳቸው በአንዱ ጠርዝ መሀል ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ይዘዋል። ዝናቡ ሃያ ደቂቃ ደበደበን። ልጄ ከዝናቡ ሥር ሆና ትስቃለች፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሲያባራ ሸራውን ገለጥን። መሬቱ ደረቅ ነበር።

«ዳነ!» ብዬ ጮህኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪና የሜዳውን ዳር ሞላው። ከፍሎሪዳ፣ ከካሮላይና የመጡ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ሚስተር ኦስዋልድን እያቀፉ ያለቅሳሉ። ማንም እኔን አልሰደበኝም፤ ሱሬሽ እንዳይነግርብኝ ሽማግሌው አስጠንቅቀውት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ፒቹ እንደ ተወለወለ ሸክላ ያበራል። ኩራቴ ተመለሰ። በሰዎቹ ሁሉ ፊት፣ «ይኸው ሚስተር ኦስዋልድ! እንደ ድሮው ነው!» አልኳቸው።

እሳቸው ከኪሳቸው ቀይ የቆዳ ኳስ አወጡ፤ ክንዳቸውን በትከሻቸው ልክ ዘርግተው ለቀቋት። ጥሩ ፒች ላይ ኳስ ጉልበት ድረስ ትነጥራለች። ይቺ ሊጥ ላይ እንደወደቀች ጥፍ ብላ ቀረች።

ሁለት እርምጃ ሄደው እንደገና ለቀቁ። ጥፍ። ሦስተኛ ቦታ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። በስድስተኛው ላይ ኳሷ አንዲት ጣት ያህል ከፍ አለችና ተኛች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አነሷት፣ በሸሚዛቸው አበሷት፣ ኪሳቸው ከተቷት።

«ዛሬ ጨዋታ የለም» አሉ። «ሱሬሽ፣ የሰኞውን ትኬት ሰርዝልኝ።»

ሱሬሽ ምንጣፍ አንጥፈን እንጫወት አለ። ሌሎቹም ለመኑ። እኔ ፊታቸው ቆምኩ፤ «ይሂዱ ሚስተር ኦስዋልድ። ወንድምዎ ይጠብቃሉ። እኔ ቃል እገባለሁ፣ እንደነበረ አድርጌ እሠራዋለሁ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «አሁን ‹እንደ ድሮው ነው› አልከኝ። ድሮውን አይተኸው ታውቃለህ?»

ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። ከሩቅ የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ መለሰ።

«ሴሲል፣ ሰኞ አልመጣም።»

«ታመምክ?»

«አልታመምኩም። ፒቹን ሰው አረሰው።»

«ማነው ደግሞ ፒች የሚያርስ?»

«አንድ ኢትዮጵያዊ።»

«ክፉ ሰው ነው?»

ሚስተር ኦስዋልድ ቀና ብለው አዩኝ። «አይደለም። በጣም ታታሪ ሰው ነው።»

ከወዲያ ረጅም ሳቅ መጣ። «አዬ፣ ከክፉው የሚብሰው እሱ ነው። ስንት ጊዜ ይፈጅብሃል?»

«እስከ መስከረም።»

«እንግዲያው አበጅተኸው ና። እኔ የትም አልሄድም።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በሳምንት አራት ቀን በማለዳ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ሚስተር ኦስዋልድ መቼ ማጠጣት፣ መቼ መተው፣ መቼ መዳመጥ እንዳለበት ያስተምሩኛል። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ‹ለምን?› ከጉሮሮዬ እንደ አጥንት ነበር የሚወጣው። አንድ ጠዋት ዳምጠውን ከልጄ ጋር ስጎትት፣ «ግድግዳው ላይ ምን ምን ነበር የተጻፈው?» ብዬ ጠየቅኳት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተራመደች በቃሏ ነገረችኝ፤ የአምስት ዓመቷ ቁመት ከመብራት ማጥፊያው በታች፣ ከጎኑ እናቷ ‹ዛሬ ጥርሷ ወለቀ› ብላ የጻፈችው። እኔ በዚያ ግድግዳ አጠገብ አሥራ ሁለት ዓመት አልፌ አንብቤው አላውቅም ነበር። ያንን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ለማየት ብቻ ስንት ነገር እንደምሰጥ እግዚአብሔር ያውቃል።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ሐሙስ ሚስተር ኦስዋልድ በሰዓታቸው መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ። ጠረጉ። እኔ ዳምጠውን እየጎተትኩ መሀል ስደርስ፣ «ሴሲል ማክሰኞ ሞተ» አሉኝ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አትቁም» አሉኝ። «መሀል ላይ ከቆመ ይጎደጉዳል። ጎትት።»

ጎተትኩ። እያለቀስኩ ጎተትኩ። እሳቸው ከጎኔ እስከ ጫፍ ድረስ አብረውኝ ተራመዱ።

በመስከረም ኳሷ ጉልበት ድረስ ነጠረች። የስንብት ጨዋታ ይደረግ ቢባሉ እንቢ አሉ። ሱሬሽ አንዲት ኳስ ብቻ እንዲወረውር ጠየቁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የነጠረችበትን ድምፅ ሰሙ። በሳምንቱ አገራቸው ገቡ። አሁን በወንድማቸው ቤት ይኖራሉ። አንድ ጊዜ ደውለውልኝ ስለ ጤንነቴ ሳይሆን አትላንታ ዘንቦ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዘንቧል፣ ሸራውን አልብሼዋለሁ አልኳቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ልጆች ያሏችሁ አባቶች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ስንፍናን ሁላችንም እንፈራለን፤ ልጆቻችንንም የምንገስጸው በእሱ ነው። እኔ ግን ያየሁት ትልቁ ጥፋት በትጋት የተደረገ ነው። ሰነፍ ሰው ያንን መሬት ባላረሰው ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው መምህር ስላልነበረው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም፤ ባዶ የመሰለውን ሁሉ ሊሞላ፣ የቆሸሸ የመሰለውን ሁሉ ሊያጸዳ ይነሳል። ከመቆፈራችሁ በፊት ‹ይህ የማነው? ማን ሠራው?› በሉ። ተለውጫለሁ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ዛሬም መጠየቅ ያፍነኛል። ግን እጠይቃለሁ።

ያቺ የሐሙስ ጠዋት ያስከፈለችንን ብዙ ጊዜ ደምሬዋለሁ። ድርጅቱ ሥራውን ነጠቀን፤ ምንም ያላጠፋው ደምሴ የአሜሪካውን በጋ ሥራ ፈት ዋለ። የሱሬሽ ቡድን አንድ ሙሉ የጨዋታ ዘመን በሰው ሜዳ ተንከራተተ። ልጄ ለዕረፍቷ ያገኘችውን የሆስፒታል ሥራ ትታ ዳምጠው ጎተተች። እኔ ስሜን አጣሁ፤ እሱስ ይገባኛል። ሚስተር ኦስዋልድ ወንድማቸውን አጡ። ሚስተር ሴሲል ደግሞ፣ የምትንከባከባቸው ጎረቤት ኋላ ለሚስተር ኦስዋልድ እንደነገረቻቸው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከወንበራቸው ተነስተው በዳሰሳ የበረንዳውን በር ይከፍቱ ነበር።